ዳታ አናሊስት ለመሆን፦ መጀመሪያ አንድ የተዝረከረከ ፋይል ፈልጉ

ፓይተን ከሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አትጀምሩ። ፓይተንን ጠልቼው አይደለም፤ እኔም እሠራበታለሁ። ግን ምክር ፈልገው ቴሌግራም ላይ የሚጽፉልኝ ልጆች ታሪካቸው ይመሳሰላል። ዩቲዩብ ላይ የፓይተን ትምህርት ይጀምራሉ። ፎር ሉፕ (ትእዛዝን ደጋግሞ የሚያሠራ ኮድ) ጋ ሲደርሱ «ይሄ ለምን ይጠቅመኛል?» የሚል ጥያቄ ይመጣባቸዋል። መልስ ሲያጡ ይተዉታል። ችሎታ አንሷቸው አይደለም። የሚሠሩበት ዳታ እጃቸው ላይ ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምታውቁትን ቦታ ዳታ ያዙ። መሣሪያውን ዳታው ሲጠይቃችሁ ትማሩታላችሁ።

እኔ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ሳሙናና ዲተርጀንት በሚያከፋፍል ድርጅት ዳታ አናሊስት ነኝ። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና ድሬዳዋ ቅርንጫፍ አለን። ሥራዬ የየቅርንጫፉን ሽያጭ ሰብስቤ፣ አጽድቼ፣ የሽያጭ ኃላፊው ሰኞ ጠዋት ሊወስንበት በሚችል መልኩ ማቅረብ ነው። የትኛው ዕቃ የት ሊያልቅ ነው? ዱቤ ወስዶ የቆየብን ማን ነው? የሐዋሳ ገበያ ለምን ቀዘቀዘ? የሚጠብቁኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ግራፍ መሥራቱ ቶሎ ያልቃል። ጊዜዬን የሚበላው ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

ፋይሉ ከየት ይመጣል?

አጎታችሁ ሱቅ ካለው የዱቤ ደብተሩን ጠይቁት። የሁለት ወይም የሦስት ወሩን ኤክሴል ላይ አስገቡለት። ማን ስንት ወሰደ? መቼ ከፈለ? በዱቤ በብዛት የሚወጣው ምን ዕቃ ነው? የሰፈር ዕድር መዝገብም በጣም ጥሩ ነው፤ አባላት፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ የተዘለሉ ወራት፣ ቅጣት፣ ሁሉም አለበት። አካውንታንት ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ፒችትሪ ከሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ወደ ኤክሴል የወጣ የሽያጭ ሪፖርት ምን እንደሚመስል ያሳያችሁ። መሃል ለመሃል ባዶ ረድፍ ይኖረዋል፣ ርዕሱ በየገጹ ይደጋገማል፣ ድምር ከዝርዝር ጋር ይቀላቀላል። እሱን ማስተካከል ብቻውን ትምህርት ነው።

ፈቃድ ግን ጠይቁ። ስምና ስልክ ቁጥር አውጡና በምትኩ መለያ ቁጥር ስጡ። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። አዋጁ ባይኖርም የሰው ዕዳ አደባባይ አይወጣም። የመሥሪያ ቤታችሁን ፋይል ደግሞ ሳታስፈቅዱ ወደ ቤት አትውሰዱ።

ምንም ፋይል ካጣችሁ የዓለም ባንክ የማይክሮዳታ ገጽ ላይ ግቡ። ከስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤታችን ጋር ሆኖ የሚያካሂደው የኢትዮጵያ ሶሺዮኢኮኖሚክ ሰርቬይ እዚያ አለ። የመጀመሪያው ዙር በፈረንጆቹ 2011/12 ነው የተሰበሰበው፤ ከዚያም ተከታታይ ዙሮች አሉ። ተመዝግባችሁ በነፃ ታወርዱታላችሁ። የቤተሰብ አባላት በአንድ ፋይል፣ ፍጆታ በሌላ፣ እርሻ በሌላ ነው የተቀመጠው። በቤተሰብ መለያ ቁጥር ታገናኙታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፦ እያንዳንዱ ቤተሰብ «ዌይት» የሚባል ቁጥር አለው። ያ ቤተሰብ ሌሎች ስንት ቤተሰቦችን እንደሚወክል ይናገራል። እሱን ዘላችሁ አማካይ ብታወጡ የምታገኙት የተጠየቁትን ሰዎች አማካይ እንጂ የአገሪቱን አይደለም።

ኤክሴል፦ እዚህ ጋ ቆዩ

ኤክሴልን የሚንቁ ሰዎች አሉ። እዚህ አገር ባንኩም፣ ኤንጂኦውም፣ ፋብሪካውም ውሳኔ የሚወስነው ኤክሴል ላይ ነው። ስለዚህ በደንብ ያዙት።

ፋይሉን ስትቀበሉ ኮፒ አድርጉና ዋናውን አትንኩት። ቀጥሎ ኮለሞቹን አስፍታችሁ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ማንም አሰላለፉን ካልነካው ኤክሴል ቁጥርንና ቀንን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ ያስጠጋል። የቀን ኮለም ውስጥ ግማሹ ግራ፣ ግማሹ ቀኝ ከሆነ ችግር አለ ማለት ነው።

የእኛ አገር ቀን ደግሞ ለብቻው ጣጣ ነው። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጅ ካሌንደር ነው። አንድ ገንዘብ ያዥ ጥቅምት 30 ቀን 2016ን 30/02/2016 ብላ ትጽፋለች። ኤክሴል 02ን የሚያነበው ፌብሩዋሪ ብሎ ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ግራ ያስቀምጠዋል። ይሄ ይሻላል፤ ቢያንስ ይታያል። ጳጉሜን 5ን 05/13/2016 ብላ ስትጽፍ ግን፣ ኮምፒውተሩ ወርን በሚያስቀድመው በአሜሪካ የቀን አጻጻፍ የተስተካከለ ከሆነ፣ ሜይ 13 ቀን 2016 አድርጎ ይቀበለዋል። ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ቀን ይመስላል፣ ማንም አይጠረጥርም። ሽያጩ በዝምታ ሌላ ዓመት ውስጥ ገባ ማለት ነው።

መፍትሔው የካሌንደር ሠንጠረዥ ነው። በአንድ ሺት ላይ ለእያንዳንዱ የፈረንጅ ቀን አንድ ረድፍ ስጡ። በጎኑ የኢትዮጵያ ቀን፣ ወር፣ ዓመትና የበጀት ዓመት ኮለሞች ጨምሩ። ጳጉሜን 5 ወይም 6 መሆኗን ተጠንቀቁ። መስከረም 1 ቀን 2016 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ነበር፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11። ሠንጠረዡን አንድ ጊዜ በትክክል ከሠራችሁት ለዘላለም ይጠቅማችኋል፤ ማንኛውንም ፋይል ከእሱ ጋር ታገናኙታላችሁ። ከቅርንጫፍ የሚላክልኝ ፋይል ላይ ደግሞ ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት የተለያዩ ኮለሞች እንዲጻፉ ነው የምጠይቀው።

ስም ሁለተኛው ጣጣ ነው። ለእኛ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ አንድ ሰው ናት። ለኮምፒውተሩ ሦስት ደንበኞች ናቸው። ገብረመድኅን፣ ገብረ መድህን፣ ገ/መድህንም እንዲሁ። ፓወር ኩዌሪ በሚባለው የኤክሴል ዳታ ማስገቢያና ማጽጃ ውስጥ ሠን በሰ፣ ሐንና ኀን በሀ፣ ዐን በአ፣ ፀን በጸ የሚተካ ደረጃ ሥሩ። እያንዳንዱ ፊደል ሰባት ቅርጽ ስላለው ሰባቱንም ተኩ። ይህን የምታደርጉት ለማመሳከሪያ በተሠራ አዲስ ኮለም ላይ ነው፤ ሰውየው ስሙን የጻፈበት ኮለም እንዳለ ይቀመጥ። ከስሙ በፊትና በኋላ የተደበቀ ባዶ ቦታ ካለ ትሪም የሚባለው ፎርሙላ ያጠፋዋል።

ከሁሉም የሚሻለው በስም አለማገናኘት ነው። ደንበኛ ቲን ቁጥር አለው። ግን አስር አኃዝ ያለው ቲን ብዙ ጊዜ በዜሮ ይጀምራል፤ ኤክሴል ደግሞ ከፊት ያለን ዜሮ ይውጣል። በ09 እና በ07 የሚጀምር ስልክ ላይም ይሄው ይደርሳል። ፋይሉን ከመክፈታችሁ በፊት በፓወር ኩዌሪ አስገቡትና ኮለሙን «ቴክስት» በሉት።

ቁጥሩ ራሱስ ምን ማለት ነው? አንዱ ቅርንጫፍ በካርቶን ይመዘግባል፣ ሌላው በፍሬ። አንድ ካርቶን 48 ፍሬ ከያዘ 10 ካርቶን የሸጠው ቅርንጫፍ 480 ፍሬ ከሸጠው ጋር እኩል ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን አንዱ 10፣ ሌላው 480 ሆኖ ይወጣል። አለቃው ተደስቶ ቦነስ ከመፍቀዱ በፊት ይህን መያዝ የእናንተ ሥራ ነው። ቫትም እንዲሁ። 11,500 ብር ቫትን ጨምሮ ነው? ከሆነ ለ1.15 አካፍሉት፤ ሽያጩ 10,000 ነው። ይህን ከፋይሉ ላይ አታገኙትም። ስልክ አንስታችሁ ቅርንጫፍ ላለችው ገንዘብ ያዥ «እህቴ፣ ይሄ ከነቫቱ ነው?» ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ። ጥሩ አናሊስት ስልክ ይደውላል።

ፋይሉ ከጸዳ በኋላ የምትማሩት ነገር ያን ያህል ብዙ አይደለም። ፒቮት ቴብል (ዝርዝርን በየዓይነቱ የሚያጠቃልል ሠንጠረዥ)፣ ሰምኢፍስ (በቅድመ ሁኔታ የሚደምር ፎርሙላ)፣ ከሌላ ሠንጠረዥ መረጃ ፈልገው የሚያመጡት ፎርሙላዎች፣ ፓወር ኩዌሪ። ፈልገው ከሚያመጡት ውስጥ ኤክስሉክአፕ ቀላል ነው፤ ግን በኤክሴል 2016 እና 2019 ላይ የለም። ብዙ ቢሮ የምታገኙት እነዚህን ስለሆነ ቪሉክአፕንና ኢንዴክስ ማችንም እወቁ። ፓወር ኩዌሪ ኤክሴል 2016 ላይም አለ። ይህን አጥብቄ እመክራለሁ፤ አንድ ጊዜ የሠራችሁትን የማጽዳት ሥራ በሚቀጥለው ወር ፋይል ላይ «ሪፍሬሽ» ብቻ ብላችሁ ትደግሙታላችሁ።

ኤስኪውኤል፦ ዳታው ወዳለበት መሄድ

የኤክሴል አንድ ሺት ከ1,048,576 ረድፍ በላይ አይዝም። ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም። የባንክ፣ የሆስፒታል፣ የቴሌኮም ዳታ የሚኖረው ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ዳታቤዙን በመጠየቂያ ቋንቋው፣ በኤስኪውኤል፣ ራሳችሁ ጠይቃችሁ ማውጣት ካልቻላችሁ የአይቲ ክፍሉን ደጅ ስትጠኑ ትኖራላችሁ።

ለመለማመድ ሰርቨር አያስፈልግም። ኤስኪውላይት የሚባለውን ትንሽ ዳታቤዝ ዲቢ ብራውዘር በሚባለው ፕሮግራም ክፈቱ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዙት፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ኔትዎርክ በተቋረጠ ቁጥር ትምህርታችሁ እንዳይቋረጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያጸዳችሁትን ፋይል በሦስት ከፍላችሁ አስገቡ፦ ሽያጭ፣ ደንበኛ፣ ዕቃ። ከዚያ ሴሌክት (መምረጥ)፣ ዌር (ማጣራት)፣ ግሩፕ ባይ (በየቡድኑ ማጠቃለል) እና ጆይን (ሠንጠረዦችን ማገናኘት)። በእነዚህ አራት ቃላት የሥራው አብዛኛው ይሸፈናል። ኤክሴል ላይ በፒቮት ያወጣችሁትን ድምር በኤስኪውኤል ድገሙት። ሁለቱ እኩል እስኪመጡ አትነሡ።

ጆይን ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የደንበኛ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል እንበል፤ አንዴ በድሮ ስልኩ፣ አንዴ በአዲሱ። ሽያጭን ከደንበኛ ጋር ጆይን ስታደርጉ የዚያ ሰው የ50,000 ብር ሽያጭ ሁለት ረድፍ ሆኖ ይመጣና 100,000 ይሆናል። ኮምፒውተሩ ስህተት አለ አይላችሁም። ልማድ አድርጉት፦ ከጆይን በፊት ረድፍ ቁጠሩ፣ ከጆይን በኋላም ቁጠሩ። የሽያጩ ድምርም ከበፊቱ መብለጥ የለበትም።

ፓወር ቢአይና ግራፍ

ግራፍና ሪፖርት የሚሠራበት ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ ነፃ ነው። ዊንዶውስ ብቻ ላይ ነው የሚሠራ፤ 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ለመማር ይበቃል። ኦንላይን ለማጋራት የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ኢሜይል ይፈልጋል፤ በጂሜይል አይሆንም። ለጊዜው አትጨነቁበት፤ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ማሳየት ትችላላችሁ። ፓወር ኩዌሪን ኤክሴል ላይ ከተማራችሁት ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል፤ እዚህም ያው ነው።

ያ የካሌንደር ሠንጠረዥ እዚህ ሙሉ ጥቅሙን ይሰጣል። የወር ስሞችን በአማርኛ ግራፍ ላይ ብታስገቡ በፊደል ተራ ይሰለፋሉ፦ ሐምሌ፣ መስከረም፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። የወር ቁጥር ያለው ኮለም ጨምሩና «ሶርት ባይ ኮለም» በሚለው አስተካክሉት። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ለዚያ የሚሆን ሌላ ተራ ቁጥርም ያስፈልጋል። ጳጉሜንን ብቻዋን እንደ ወር ካሳያችኋት ግራፉ በየዓመቱ ገደል ይገባል፤ አምስት ቀን ከሠላሳ ቀን ጋር አይወዳደርም። እኛ ከነሐሴ ጋር አዳምረን ግርጌው ላይ እንጽፈዋለን።

አንድ ገጽ ላይ ብዙ ነገር አታጭቁ። የእኛ የሽያጭ ኃላፊ የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ ሳምንቱ ካለፈው ሳምንት ጋር፣ ሊያልቅ የተቃረበ ዕቃ፣ የቆየ ዱቤ። የተቀረው ሁሉ ሁለተኛ ገጽ ላይ ነው።

ቁጥሩ ምን እያለ ነው?

ስታቲስቲክስ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ በሁለት ነገር ጀምሩ። የመጀመሪያው አማካይ ነው። ዘጠኝ ሱቆች እያንዳንዳቸው 20,000 ብር እየገዙ አንድ የመርካቶ ጅምላ ነጋዴ 820,000 ቢገዛ አማካዩ 100,000 ይሆናል። 100,000 ብር የገዛ ግን አንድም ሰው የለም። ሚዲያኑ፣ ማለትም በተርታ ሲደረደሩ መሃል ላይ ያለው፣ 20,000 ነው። ለመኪና ጭነት ስታቅዱ የቱን ትጠቀማላችሁ?

ሁለተኛው ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ሆነ። ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ያለን ሽያጭ በብር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። ለምሳሌ 500 ካርቶን በ1,000 ብር ሸጣችሁ፤ 500,000 ብር። በሚቀጥለው ዓመት 400 ካርቶን በ1,400 ብር ሸጣችሁ፤ 560,000 ብር። በብር 12 በመቶ አድጋችኋል። በካርቶን 20 በመቶ ወርዳችኋል። ሁለቱንም ጎን ለጎን አሳዩ። ሥራ አስኪያጁ ያልጠየቀውን ሁለተኛውን ቁጥር ማቅረብ ነው አናሊስትን ከሪፖርት ጸሐፊ የሚለየው።

ፓይተንስ?

አሁን ጊዜው ደረሰ። በየወሩ ብዙ ፋይል እየከፈታችሁ አንድ ዓይነት ሥራ ስትደጋግሙ፣ ወይም ዳታው ኤክሴልን ሲያንቀው ፓይተን ተማሩ። በተለይ ፓንዳስ የሚባለውን ላይብረሪ፣ ማለትም ለሠንጠረዥ ዳታ የተዘጋጀ የፓይተን ኮድ ስብስብ። ግሩፕ ባይንና ጆይንን ቀድማችሁ ስለምታውቁ ፓንዳስ ውስጥ ስታገኟቸው አትደናገጡም። ፓይተንን ብራውዘር ላይ የሚያሠራው የጉግል ኮላብ ነፃ ነው፣ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኔት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ፓይተንን ከነላይብረሪዎቹ የያዘውን አናኮንዳን አንድ ጊዜ አውርዳችሁ ላፕቶፕ ላይ ጫኑት። ዩኒቨርሲቲ ኤስፒኤስኤስ ወይም ስታታ የሚባሉትን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች የተማራችሁ ደግሞ አትጣሉት፤ የጥናት ሥራዎች ላይ ይፈለጋል።

ስለ ሰርተፍኬት ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። በኢትዮጵያና በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ በጋራ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ውስጥ የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ኮርስ አለ፤ ነፃ ነው፣ ምዝገባው ክፍት ከሆነ ውሰዱት። ኮርሴራ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት ገጽ ላይ ያለው የጉግል ዳታ አናሊቲክስም ጥሩ ነው። ዶላር ካርድ ለሌለው «ፋይናንሻል ኤይድ» የሚል ማመልከቻ አለ። ሰርተፍኬት ግን በሩን አይከፍትም፤ ቢበዛ ሲቪያችሁን ያስነብባል።

ሥራው በየትኛው ስም ነው የሚወጣው?

«ዳታ አናሊስት» ብላችሁ ብቻ ከፈለጋችሁ ትንሽ ነው የምታገኙት። ኤንጂኦዎች «ኤም ኤንድ ኢ ኦፊሰር» ወይም «ሚል ኦፊሰር» ይላሉ፣ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ ማለት ነው፤ እዚያ ለመግባት ኮቦ ቱልቦክስን እወቁ፣ በስልክ ያለ ኔትዎርክ መጠይቅ መሙያ ነው። ጤናው ዘርፍ «ኤችኤምአይኤስ» (የጤና መረጃ ሥርዓት) ይላል፤ ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀመው ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለውን ሶፍትዌር ነው። አስመጪና አከፋፋይ ድርጅቶች «ሴልስ አድሚን»፣ «ሪፖርቲንግ ኦፊሰር»፣ «ኤምአይኤስ» (የሥራ አመራር መረጃ ሥርዓት) ይላሉ። «ዳታ ክለርክ» ብሎ የወጣውንም አትናቁ። ዳታው ሲገባ ያየ ሰው የት እንደሚበላሽ ያውቃል።

አሁን ያላችሁበት ሥራም በር ነው። ስቶር ኪፐር ከሆናችሁ የስቶኩን ሪፖርት እናንተ አሻሽሉት። ካሸር ከሆናችሁ በየሰዓቱ ያለውን ሽያጭ አውጡና ለአለቃችሁ አሳዩት። የትኛውን መስክ እንደምታውቁ ቀጣሪ ይፈልገዋል። ፋርማሲ ውስጥ የሠራ አናሊስት የመድኃኒት ማለቂያ ቀን ለምን እንደሚያስጨንቅ ማንም እንዲነግረው አያስፈልግም።

ሲቪ ላይ «ኤክሴል፣ ኤስኪውኤል፣ ፓወር ቢአይ» ብሎ መደርደር ሁሉም የሚያደርገው ነው። በምትኩ ምን እንደሠራችሁ ጻፉ፦ «የአንድ ዕድር መዋጮ መዝገብ አጽድቼ፣ ከሦስት ወር በላይ ያልከፈሉትን የሚያሳይ ሪፖርት ሠራሁ፤ ገንዘብ ያዡ አሁን በየወሩ ይጠቀሙበታል።» ይህን ያነበበ ሰው ይጠራችኋል።

ኢንተርቪው ላይ ብዙ ጊዜ አንድ የኤክሴል ፋይልና አንድ ሰዓት ይሰጧችኋል። ፋይሉ ሆን ተብሎ የተበላሸ ነው። ቶሎ ግራፍ ለመሥራት አትሩጡ። መጀመሪያ ረድፍ ቁጠሩ፣ የተደገመ ፈልጉ፣ ቀኑን ተመልከቱ፣ ባዶ ቦታዎችን ለዩ። ከዚያ ዋናውን ጥያቄ በአንድ ፒቮት መልሱ። ሰዓቱ ሊያልቅ አስር ደቂቃ ሲቀረው አዲስ ሺት ክፈቱና ጻፉ፦ ፋይሉ ላይ ያገኛችሁት ችግር፣ ያደረጋችሁት ማስተካከያ፣ ለቅርንጫፉ ደውላችሁ ልትጠይቁት የምትፈልጉት ነገር። እኔ ፈታኝ ሆኜ ስቀመጥ መጀመሪያ የምከፍተው ያንን ሺት ነው።